ኦክስፎርድን በ‹ሃርድሊ› ስፈትነው

የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ስገዛ መግቢያውን አላነብም፤ ስንት ሺህ ቃል እንደያዘም አልጠይቅም። በቀጥታ ‹ኤች› ፊደል ጋ እሄድና ‹ሃርድሊ› (hardly) የምትለዋን ተውሳከ ግስ እፈልጋለሁ። እሷን በሁለት ቃል ፈትቶ የሚያልፍ ከሆነ መልሼ ካነሳሁበት አስቀምጠዋለሁ። ቆም ብሎ ካብራራት ግን ሌላውንም አስቦበታል ብዬ ገንዘቤን አወጣለሁ። እስካሁን በእጄ ካለፉት ሁሉ ይህን ፈተና በጥሩ ውጤት ያለፈው ‹ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ ዲክሽነሪ› ነው። በጥሩ ውጤት አልኩ እንጂ እንከን የለሽ ነው አላልኩም፤ እንከኑንም እመጣበታለሁ።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። እንጀራዬ በስልክ ማስተርጎም ነው፤ ሐኪም ወይም የትምህርት ቤት ሰው በአንድ በኩል፣ አማርኛ ተናጋሪው በሌላ በኩል፣ እኔ መሀል። ጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ እቀመጣለሁ፤ በግራዬ ማስታወሻ ደብተር፣ በቀኜ ይሄ መጽሐፍ። የሙያው ደንብ የሰው ጉዳይ ከስልኩ እንዳይወጣ ስለሚያዝ እዚህ የምጠቅሳቸው የስልክ ንግግሮች ሁሉ ለምሳሌ ያህል ራሴ ያዘጋጀኋቸው ናቸው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን ከእውነቱ እንደማይርቁ ይመሰክርልኛል።

እስቲ አንዱን ልውሰድ። ነርሷ መዝገብ እያየች «ዩ ሃቭ ሃርድሊ ቢን ኢቲንግ፤ ኢዝ ዛት ራይት?» ትላለች። እናትየው የኔን ድምፅ ይጠብቃሉ። «አይበሉም ይላል» ብላቸው ጠብ ነው። «ማነው ያለው? ዛሬ ጠዋት አጥሚት ጠጥቼ የለ እንዴ!» ይሉኛል፤ ቀጥሎ ያለው ጊዜ አጥሚት ምን እንደሆነ ለነርሷ በማስረዳት ያልቃል። «ብዙ አይበሉም» ብላቸው ደግሞ ነገሩ ይቀላል፤ «ድሮም ትንሽ በይ ነኝ፣ ልጄ» ብለው ይስቃሉ፣ ነርሷም የምትፈልገውን ሳታገኝ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ታልፋለች። ቃሉ ያለው በሁለቱ መሀል ነው፤ ያውም ወደ መጀመሪያው ተጠግቶ። ‹ሃርድሊ› ማለት ባዶ ማለት አይደለም፤ ባዶ ለመባል ግን የቀረው ጥቂት ነው። አማርኛ ለዚህ አንድ ቃል ባይኖረውም አነጋገር አለው፦ «ለወጉ ያህል ይቀምሳሉ እንጂ በሉ አይባልም፤ ልክ ነው?» እንዲህ ስላቸው «እሱስ ልክ ነው፣ ልጄ» ይሉኛል። በዚች ‹አይባልም› ምክንያት ክብደታቸው የሚለካበት፣ ደማቸው የሚታይበት መንገድ ይከፈታል።

በስልክ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አማርኛ አሉታውን የሚያስረው ግሱን ከፊትና ከኋላ ይዞ ነው፦ ‹አይተኛም›። መስመሩ ቆርጦ ከፊት ያለው ‹አይ› ቢያመልጠኝ ከኋላ ያለችው ‹ም› ትደርስልኛለች። እንግሊዝኛው ግን ግሱን እንዳለ ትቶ ሸክሙን በሙሉ ‹ሃርድሊ› ላይ ይጥለዋል። ‹ሺ ሃርድሊ ስሊፕስ› ከሚለው ውስጥ ያቺ አንዲት ቃል በጩኸት ከተዋጠች የሚቀረው ‹ሺ ስሊፕስ› ነው። እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር የሚነጋባት ሴት ደህና ተኝታ ታድራለች ተብሎ ይመዘገባል። ‹ኖት› እስኪመጣ የሚጠብቅ ጆሮ ይዞ እዚህ ሥራ ላይ መቀመጥ አይቻልም። በዚያ ላይ አሜሪካኖቹ ‹ር›ዋን ጠበቅ አድርገው ‹ድ›ዋን ይበሏታል፤ እንግሊዞቹ ‹ር›ዋን ጨርሰው ይተዋሉ። የመዝገበ ቃላቱ ድረ ገጽ ሁለት የድምፅ ምልክት አለው፤ ሰማያዊው እንደ እንግሊዝ፣ ቀዩ እንደ አሜሪካ ያነብላችኋል። አዲስ ለሚጀምሩ አስተርጓሚዎች የምሰጠው የመጀመሪያው የቤት ሥራ ሁለቱን እያፈራረቁ መስማት ነው።

አሁን ወደ ገጹ። ‹ሃርድሊ› አጠገቧ ትንሽ ቁልፍ ተስሎባታል። ቁልፉ የሚነግራችሁ ቃሉ ‹ኦክስፎርድ 3000› ከሚባሉት፣ ተማሪ ከሌሎቹ አስቀድሞ ሊይዛቸው ይገባል ተብለው ከተለዩት ቃላት አንዱ መሆኑን ነው። ፍቺዎቹም የሚጻፉት በአብዛኛው በነዚያው ቃላት ስለሆነ አንዱን ቃል ለመረዳት ሌላ ሦስት ቃል ፍለጋ ገጽ አታገላብጡም። ፍቺውን በአራት ከፍሎታል። አንደኛው ‹የለም ለማለት ጥቂት የቀረው› የሚለው ነው፦ ‹ሃርድሊ ኤኒዋን›፣ ‹ሃርድሊ ኤቨር›። ሌላው ‹ካን› እና ‹ኩድ› ተከትሎ ሲመጣ፣ ማድረጉ መክበዱን የሚያጎላው ነው። ሦስተኛው አንድ ነገር ገና ከመጀመሩ ሌላ መከተሉን ያሳያል። የመጨረሻው ደግሞ ሰውየው ያለው ነገር ለአእምሮ የማይመች ነው ለማለት የሚወረወረው ነው።

በአንድ ቃል ላይ ይህን ያህል መድከም ለምን ያስፈልጋል የሚል ካለ በአማርኛ ይሞክራቸው። ‹ሂ ሃርድሊ ኤቨር ኮልስ› ሲሉኝ «ከስንት አንዴ ነው የሚደውለው» እላለሁ፤ ግሱ አዎንታ ሆኖ ይቀራል። ‹ዊ ሃቭ ሃርድሊ ኤኒ መኒ› ሲሆን «እዚህ ግባ የሚባል ገንዘብ የለንም» ነው፤ አሉታው ተመለሰ። ‹አይ ሃርድሊ ኖው ሂም› ደግሞ «ከሰላምታ ያለፈ ትውውቅ የለንም»። ‹አይ ካን ሃርድሊ ዎክ› ሲባል «በጭንቅ ነው የምራመደው»፣ እንደገና አዎንታ። አራት ዓረፍተ ነገር፣ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ አራት የተለያየ አማርኛ። ‹እምብዛም› የምትለዋን ብቻ ይዞ የሚሮጥ አስተርጓሚ ሁለቱን ሊያገኝ ይችላል፤ ሁለቱ ግን ይበላሹበታል። «እምብዛም አልራመድም» ያለ ሰው እኮ መራመድ አይወድም ማለት ነው እንጂ እግሩ እምቢ ብሎታል ማለት አይደለም። ሐኪሙ ስፖርት ሥራ ብሎ ይመክረዋል።

እዚህ ላይ ስልኬ ላይ ጭኜው ስለነበረ አንድ ነጻ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መተግበሪያ ልናገር፤ ስሙ ይቅር። ‹ሃርድሊ› ብላችሁ ስትጽፉ የሚመልስላችሁ ‹በጭንቅ› የሚል አንድ ቃል ነው፤ ከሥሩ የጫማ ማስታወቂያ ይከተላል። ‹በጭንቅ› ስህተት አይደለም። እንዲያውም ታሪክ አለው፦ የእንግሊዝኛው ቃል በድሮ ዘመን ‹በብርታት፣ በጭካኔ› ማለት ነበር፣ ቆየት ብሎም ‹በችግር፣ በመከራ› ማለት ሆነ፣ ዛሬ የምናውቀው ‹የለም ለማለት ጥቂት የቀረው› የሚለው ፍቺ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ‹በጭንቅ› የያዘው ያንን መሀለኛውን ነው። ‹ካን› ካለበት ይሠራል። ግን ‹ሃርድሊ ኤኒዋን ኬም› የሚለውን በዚህ ቃል ተርጉሙት፦ «በጭንቅ ሰው መጣ»። ሰዎቹ ጎርፍ አቋርጠው፣ ገደል ወጥተው የመጡ ይመስላል፤ የተባለው ግን አዳራሹ ባዶ ነበር ነው፤ «ሰው መጣ አይባልም»። ኦክስፎርድ የቃሉን ታሪክ በዚህ መልኩ አይነግራችሁም፤ ለተማሪ አይጠቅምም ብለው ይሆናል። እኔ ግን ሁለት መስመር ቢጨምሩበት ኖሮ ‹ሃርድ› እና ‹ሃርድሊ› እንዴት እንዲህ እንደተራራቁ ተማሪው ሳይገረም ያልፍ ነበር ባይ ነኝ።

ስለነዚህ ሁለት ቃላት መራራቅ መጽሐፉ ለብቻው ሳጥን ሠርቶላቸዋል። ይህን ሳጥን ብቻ ብዬ መጽሐፉን ብገዛው አይቆጨኝም። ነገሩ የታወቀ ነው፤ ትምህርት ቤት ‹ቅጽል ላይ ‹ሊ› ጨምርበት፣ ተውሳከ ግስ ይሆንልሃል› ተብለን ነው ያደግነው። ‹ኩዊክ› ‹ኩዊክሊ›፣ ‹ስሎው› ‹ስሎውሊ›። ‹ሃርድ› ላይ ሲደርስ ሕጉ ይከዳል፤ ጠንክሮ ሠራ ለማለት ‹ሃርድ› ራሷ ሳትለወጥ ትቀመጣለች። ሳጥኑ ትክክለኛውን ከሰጠ በኋላ ተማሪ የሚሳሳተውንም ጽፎ መሐሉ ላይ መስመር ይሰርዝበታል። የተሰረዘውን ማየት ትልቅ ነገር ነው፤ የሰው ዓይን ከትክክሉ ይልቅ ሰረዙ ላይ ያርፋል።

ዋሽንግተን መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ የሚሠራ ዘመድ አለኝ። በየጠዋቱ መኪናቸውን የሚያስረክቡት አንድ ሽማግሌ «ወርኪንግ ሃርድ ኦር ሃርድሊ ወርኪንግ?» ይሉታል። ይሄ አሜሪካ ውስጥ ሥራ ቦታ የሚወረወር ያረጀ ቀልድ ነው፤ ‹ጠንክረህ እየሠራህ ነው ወይስ ሠራ እንዳይባል ያህል?› እንደማለት። ዘመዴ ‹ሃርድሊ› የ‹ሃርድ› ታላቅ ወንድም መስሎት ደረቱን ነፍቶ «የስ ሰር፣ ሃርድሊ ወርኪንግ!» ይላቸዋል። ሰውየው በሳቅ ይፈነዳሉ፤ ጉርሻም ይጨምራሉ። ለበዓል ሰብሰብ ባልንበት ይህንኑ አንስቶ «ምኑ ነው እንዲህ የሚያስቃቸው?» አለኝ። ሳጥኑን ከፍቼ አሳየሁት። አነበበ፣ የተሰረዘውን መስመር በጣቱ ተከተለ፣ ከዚያ «እንዴ! ሰውየው በየቀኑ ሰነፍ ነህ ወይ እያሉኝ ነው እንዴ?» አለ። ቀልድ መሆኑን አስረዳሁት። እስከዛሬ መልሱን አልቀየረም፤ ጉርሻው ይቀርብኛል ይላል።

ከሳጥኑ ዝቅ ብሎ ደግሞ የሰዋስው ማስታወሻ አለ፤ ‹ሃርድሊ›ን ‹ስኬርስሊ› እና ‹ቤርሊ› ከሚባሉት ዘመዶቿ ጋር አንድ ላይ ያያቸዋል። እዚያ ውስጥ ያለው ዋና ነገር እነዚህ ቃላት በራሳቸው አሉታ ስለሆኑ ሌላ አሉታ አትደርቡባቸው የሚለው ነው። በዚህ ደንብ ‹አይ ካንት ሃርድሊ ቢሊቭ ኢት› ማለት ክልክል ነው። ይህ ምክር ለኛ ሰው ከማንም በላይ ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም አማርኛ የሚያዘው ተቃራኒውን ነው። ‹እምብዛም› ካልን ግሱ አሉታ መሆን ግዴታው ነው፤ «እምብዛም ይመጣል» የሚል ሰው የለም። አእምሯችን አማርኛውን እንዳለ ሲያሻግረው ‹ሂ ደዝንት ሃርድሊ ኮም› ይወጣል። እና ማስታወሻው ልክ ነው፣ ለፈተናም ለደብዳቤም ይሠራል።

ለጆሮ ግን አይበቃም። አሜሪካ ውስጥ ይሄ የተከለከለው አነጋገር በየቀኑ ይነገራል። በተለይ ከደቡብ የመጡ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ሰዎች «አይ ካንት ሃርድሊ ዎክ» ይላሉ፤ ትርጉሙም ‹አይ ካን ሃርድሊ ዎክ› ከሚለው ቅንጣት አይለይም። በሒሳብ አስልቶ ‹ሁለት አሉታ አዎንታ ነው፤ ስለዚህ ይራመዳሉ› የሚል ሰው ካለ ጉድ ፈላ። መጽሐፉ ‹አትበሉ› ሲል ‹ስትሰሙት ግን እንዲህ ማለት ነው› ብሎ ቢጨምር ምን ነበረበት? የተዘጋጀው ለሚጽፍና ለሚናገር ተማሪ ነው፤ የሌላውን ንግግር ቀን ሙሉ ተቀምጦ የሚሰማ ሰው አልታሰበም። አንድ ኮከብ የምቀንስበት እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ያልነካው ነገር አለ፤ መልሱ። ሐኪሙ «ሶ ዩ ሃርድሊ ኤቨር ቴክ ዚስ ፒል?» ብሎ ጠየቀ እንበል። እኔም «እና ይሄን ኪኒን ከስንት አንዴ ካልሆነ አይወስዱትም ማለት ነው?» አልኳቸው። «አዎ» ይላሉ። አማርኛ ‹አዎ› የሚለው የተባለውን ለማጽደቅ ነው፤ እንዳልከው አልወስድም ማለታቸው ነው። ‹የስ› ብዬ ብቻ ባስተላልፍ ግን ሐኪሙ ‹አዎ፣ እወስዳለሁ› ብሎ ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ ‹የስ፣ ሃርድሊ ኤቨር› ብዬ ሙሉውን እመልሳለሁ። ይሄ የመዝገበ ቃላት ሥራ ነው ብዬ ልወቅሰው አልችልም፤ አማርኛ ለሚያውቅ አዘጋጅ የተተወ ሥራ ነው።

የምወደው ክፍል ግን አራተኛው ፍቺ ነው፤ አሽሙሩ። ‹ኢትስ ሃርድሊ ሰርፕራይዚንግ›። እዚህ ላይ ‹ሃርድሊ› መጠን መለኪያ መሆኗ ቀርቶ ‹አንተስ ብትሆን?› የምትል ፊት ትለብሳለች። ኮሊንስ ኮቢልድ የሚባለው ሌላው የተማሪ መዝገበ ቃላት ይህን ነገር ከኦክስፎርድም በተሻለ ገልጾታል ባይ ነኝ፤ ተናጋሪው ሰሚው እንዲስማማለት ሲጠብቅ የሚጠቀምበት ‹አይደለም› ነው ይላል። ኮቢልድ ፍቺዎቹን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለሚጽፍ እንዲህ ያለውን የፊት ገጽታ መያዝ ይችላል። አማርኛ ደግሞ ይህን የሚለው በጥያቄ ነው፦ «ምኑ ይገርማል!» ‹ዩ ካን ሃርድሊ ብሌም ሂም› ሲባል «በሱ ይፈረዳል?» ነው፤ ‹ዚስ ኢዝ ሃርድሊ ዘ ታይም› ሲባል «አሁን ይሄ የሚነሳበት ሰዓት ነው?»። ብቻዋን ‹ሃርድሊ!› ብለው ሲመልሱ ደግሞ «ምን ሲደረግ!»። ጥያቄ አድርጌ ስተረጉመው አንዳንድ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ድምፄ ከፍ ማለቱን ሰምቶ «ጠየቅሻቸው እንዴ? እኔ እኮ አልጠየቅኩም» ይላል። ሰውየው አማርኛ አይሰማም፤ በሱ ይፈረዳል?

ሦስተኛውን ፍቺ በአጭሩ ልለፈው፤ በስልክ ብዙ አይገጥመኝም። ‹ሃርድሊ ሃድ ዊ ሳት ዳውን ዌን ዘ ፎን ራንግ› የሚለው ዓይነት ነው፤ «ገና ቁጭ ከማለታችን ስልኩ ጮኸ»። ባለቤቱና ረዳት ግሱ ቦታ መቀያየራቸውን፣ ይህም የጽሑፍ እንግሊዝኛ መሆኑን ማስታወሻው በግልጽ ያስቀምጠዋል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ይህችን አንቀጽ ብቻ ደጋግሞ ቢያነባት ይጠቅመዋል። ለኔ ሥራ ግን ነርስ ‹ሃርድሊ ሃድ ዊ› ብላ ጀምራ አታውቅም።

መጽሐፉ ለምን እንዲህ የኛን ችግር የሚያውቅ ይመስላል ብዬ ታሪኩን ሳይ መልሱን አገኘሁ። መጀመሪያ የተዘጋጀው እንግሊዝ አገር አይደለም፤ ጃፓን ነው። ኤ. ኤስ. ሆርንቢ የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1924 እንግሊዝኛ ሊያስተምር ጃፓን ሄደ፤ ጌትንቢ እና ዌክፊልድ ከሚባሉ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ያዘጋጀውን መዝገበ ቃላት ካይታኩሻ የተባለ የጃፓን አሳታሚ በ1942፣ በጦርነቱ መሀል አወጣው። ኦክስፎርድ የራሱ አድርጎ ያሳተመው በ1948 ነው። እና ይሄ መጽሐፍ ሲጠነሰስ ፊቱ የተቀመጡት ተማሪዎች ቋንቋቸው ከእንግሊዝኛ ጋር በሥርም በግንድም የማይገናኝ ሰዎች ነበሩ። ለእንግሊዝ ልጅ የተጻፈ መዝገበ ቃላት ‹ሃርድሊ› ከማን ጋር እንደምትሄድ አይነግርም፤ ልጁ ከእናቱ ሰምቶታል። ለጃፓን ተማሪ ግን ካልነገሩት ከየት ያመጣዋል? እኛም ከዚያው ወገን ነን። ሆርንቢ ግሶች ከምን ጋር እንደሚቀናጁ እየመደበ ማሳየቱ የታወቀበት ነገር ነው፤ ዛሬም በየቃሉ ሥር የተደረደሩት ምሳሌዎች የዚያ ልጆች ናቸው።

ጉድለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር በሉኝ ካላችሁ፣ አማርኛ የለበትም። ይህ ለአንዳንዱ ሰው ጉድለት፣ ለሌላው ጥቅም ነው። እንግሊዝኛው ገና ጀማሪ የሆነ ሰው ይህን መጽሐፍ ቢገዛ ገንዘቡን አባከነ፤ ፍቺውን ለማንበብ ራሱ የተወሰነ እንግሊዝኛ ይጠይቃል። ያንን ለመሙላት እኔ ሌላ መጽሐፍ ከጎኑ አስቀምጣለሁ፦ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ቪስባደን፣ ጀርመን ያሳተመውን የእንግሊዝኛ–አማርኛ የዐውድ መዝገበ ቃላት። ከ1,500 ገጽ በላይ ነው፤ ማንሳቱ ራሱ የክንድ ስፖርት ነው። ስሙ እንደሚለው ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ዓረፍተ ነገሩን ወደ አማርኛ ይመልሰዋል እንጂ ቃል በቃል አይገጥምም። ለ‹ሃርድሊ› ዓይነት ቃላት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አይታየኝም። አማርኛው ግን የንጉሡ ዘመን መጨረሻ አማርኛ ነው፤ ዛሬ ስልክ ላይ ያለች የ20 ዓመት ልጅ በዚያ አትናገርም። በገበያም በቀላሉ አይገኝም፤ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መጠየቅ ይሻላል።

የኔ ኦክስፎርድ ሰባተኛው እትም ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2005ቱ። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አሮጌ መጻሕፍት ሲሸጥ ከምግብ ማብሰያ መጻሕፍት ሥር አገኘሁት፤ የቡና ዋጋ ነው የከፈልኩበት። ከጀርባው ሲዲ ነበረው፣ ግን ዛሬ ሲዲ የሚያስገባ ኮምፒውተር ያለው ማን ነው? ወረቀቱ ስስ ነው፤ ከጀርባው ያለው ጽሑፍ በብርሃን ያስተላልፋል፣ ፊደሉም ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ዓይን አይራራም። እኔ በመነጽር ነው የማነበው። ያም ሆኖ ወረቀቱን አልተውም፤ አንዱን ቃል ፍለጋ ስሄድ ከጎኑ ያለው ይጠልፈኛል። ‹ሃርድሊ›ን ካየሁ በኋላ ‹ሌትሊ› ‹ሰሞኑን› እንጂ ‹ዘግይቶ› አለመሆኑን፣ ‹ኒርሊ›ም ‹ቀረብ ብሎ› እንዳልሆነ ያየሁት እንዲሁ ገጽ ሳገላብጥ ነው።

አስረኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2020 ወጥቷል። በሱ ላይ አዲስ ዋጋ መክፈል አለባችሁ ወይ ለሚለው፣ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም። ‹ሃርድሊ› ከ2005 ወዲህ አልተለወጠችም፤ የሚለወጡት የቴክኖሎጂና የመንደር ቃላት ናቸው፣ እነሱን ደግሞ ድረ ገጹ በነጻ ይሰጣችኋል። ድረ ገጹ ሳጥኖቹንም፣ የተሰረዙትን ዓረፍተ ነገሮችም ይዟል፤ አንዳንዴ ሳጥኑ ታጥፎ ስለሚቀመጥ ርዕሱን መንካት አለባችሁ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ‹ምንም የለበትም› ብሎ ይዘጋዋል። ማስታወቂያውም ያስቸግራል፤ በስልክ ከመክፈት በኮምፒውተር መክፈት ይሻላል።

ከአምስት አራት ኮከብ። ለአስተርጓሚ፣ ለመምህር፣ ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ ልጅ አሮጌውን እትም ፈልጉና ግዙ። ለሥራ ፈላጊ ጀማሪ አትግዙለት፤ ለሱ በአማርኛ የሚያስረዳው ሰው ይሻለዋል። አዲስ አበባ ላይ ከመንገድ ዳር የምትገዙ ከሆነ ፎቶ ኮፒ የሆኑት ላይ የስረዛው መስመር ደብዝዞ ስለሚጠፋ ‹ሃርድሊ› ያለችበትን ገጽ ከፍታችሁ መስመሩ መታየቱን ሳታረጋግጡ ገንዘብ አታውጡ፤ መስመሩ ከሌለ ስህተቱን እንደ ትክክል እያጠናችሁ ነው።